እትዬ ፍሬን በልጃቸው ጎል ላይ ባንዲራ ያነሡበት ክረምት ዜና

በዘመነ ፍሪጅ ዳግማዊ፣ ቀዳማዊ ፍሪጅ በድንገተኛ ሙቀት አርፎ ሬሳው በረንዳ ላይ የጫማ መደርደሪያ ሆኖ በተሾመ በማግሥቱ ዓመት፣ ትምህርት ቤት በሩን ዘግቶ ሕፃናትን ሁሉ ወደየወላጆቻቸው በበተነበት ወራት፣ ዝናብ ከላይ ጭቃም ከታች በነገሡ ጊዜ፣ ጽኑዕቷ፣ ባለ ሁለተኛው ፍሬን፣ የልዕልት ሽውታና የራስ ለምን እናት እትዬ ፍሬን ቤታቸውንና የኳስ ሜዳውን ባንድ ክንድ የገዙበት ዜና ይህ ነው። ጸሐፊውም እኔ ነኝ፤ የእትዬ ፍሬን ታናሽ ወንድም፣ ቅዳሜና እሑድን ልሰነብት መጥቼ ክረምቱን ሙሉ የሳሎኑን ሶፋ ያቀናሁ፣ ከሶፋው ከፍታ ሁሉን ያየሁ፣ ያላየሁትንም ከሕፃናት አፍ የለቀምሁ።

እትዬ ፍሬን መኪና መንዳት የሚያስተምሩ ናቸው። ከተማሪው ጎን ሲቀመጡ ከእግራቸው ሥር የራሳቸው ፍሬን አለ፤ በዚህም ፍሬን ስንቱን ጎረምሳ ከግንብ፣ ስንቱንም ግንብ ከጎረምሳ አድነዋል። ነጭ መስመር የረገጠ ተማሪ የአክስታቸው ልጅ ቢሆን፣ ቢያለቅስ፣ ቢምልላቸው፣ አያሳልፉትም። ቀኝ እግራቸውም ከሥራ ብዛት የተነሣ ጠባይ አውጥቶ፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ፊልም ሲያዩ፣ ሌላው ቀርቶ ልጃቸው ሾርባ ስታማስል ቸኩላ ካዩ፣ ወለሉን ረግጦ የሌለ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ሕዝቡ እትዬ ፍሬን አላቸው፤ የተጠመቁበትን ስም ግን ከመንጃ ፈቃዳቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ባለቤታቸው መንገድ ቀያሽ ናቸውና በዚያ ክረምት ኔትወርክ ወደማይደርስበት ሩቅ አገር ለሥራ ዘመቱ። እትዬ ፍሬን ብቻቸውን ቀሩ፤ ብቻቸውን ማለቴም ከልጆቹና ከእኔ ጋር ማለቴ ነው፣ ይህም ከብቻ የከፋ መሆኑን ራሳቸው ደጋግመው አውጀዋል። ሽውታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የጋራዥ ጀርባ ሴት ልጆች ቡድን አጥቂ ናት፣ ስትሮጥ አትታይም፣ ነፋሷ ብቻ ፊትን ይመታል፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ለምን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የወተት ጥርሱን እየጣለ ያለ፣ ጥርሱ በሳሳ ቁጥር ጥያቄው የበዛ።

የዚያ ክረምት የመጀመሪያው ጦርነት የተነሣው ከሜዳ ሳይሆን ከመታጠቢያ ቤት ነው። የቡድኑ ማሊያ በየተራ በየቤቱ ይታጠብ ነበርና፣ ለግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ተራው የእትዬ ፍሬን ሆነ። በጨዋታው ዕለት ጠዋት ማሊያዎቹን ሁሉ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ጨምረው፣ ሳሙናውን መጥነው፣ ወደ ኩሽና በሄዱበት ቅጽበት፣ ራስ ለምን ከወንዝ ዳር ያጠራቀማቸውን ድንጋዮች ይዞ ገባ፤ ድንጋዮቹም ቆሽሸዋል ብሎ ስላዘነላቸው ከማሊያዎቹ ጋር አስገባቸው፣ በሩንም ዘግቶ ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኑ በመጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ። ከዚያም እንደ ደነበረ በቅሎ እየዘለለ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ፣ የውሃ ቱቦውን በጥሶ ጣለ፣ በኮሪደሩም ወደ ሳሎን ገሠገሠ፤ ውሃውም ተከተለው። እኔም ከሶፋዬ ላይ ሆኜ ጠላት መምጣቱን በታላቅ ጩኸት አወጅሁ፣ እግሬንም ሰቀልሁ። እትዬ ፍሬን ከኩሽና ወጥተው ይህን ባዩ ጊዜ አልሸሹም፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለው ማሽኑ ላይ ተቀመጡበት፣ ቀኝ እግራቸውም አየሩን እየረገጠ ፍሬን ፈለገ። ማሽኑ ግን ተሸክሟቸው መጓዙን ቀጠለ። ያን ጊዜ ሽውታ ጭንቅላቷ ላይ ፎጣ እንደጠመጠመች ከመኝታ ቤት ወጥታ፣ በእናቷና በማሽኑ ጎን ሾልካ፣ ማሽኑ የሚጎትተውን ረጅም ማራዘሚያ ከሶኬቱ ነቀለች፤ ዝምታም ሆነ። በዝምታውም ውስጥ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ የሙዚቃ አስተማሪ በደረጃው አዋጅ ላኩ፦ «እባካችሁ! ፒያኖዬ ላይ እየዘነበ ነው! ጃንጥላ የያዝኩለት እኔ፣ ለኔ ማን ይያዝልኝ?»

ወለሉን በፎጣ፣ በአንሶላ፣ በኋላም በእኔ ጃኬት አደረቁት። ማሊያዎቹ ግን ለመድረቅ ጊዜ አላገኙምና ቡድኑ በሙሉ እርጥብ ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ወረደ። በዚያም ቀን የተከተሏቸው እነዚህ ነበሩ፦ ግብ ጠባቂዋ ከነጓንቷ፣ ተከላካዮቹ ከነማስነጠሳቸው፣ የግብ ጠባቂዋ እናት ነርሷ ከነስልኳ፣ ራስ ለምን ከንጹሐን ድንጋዮቹ ጋር፣ እኔም ከብርቱካኑ ከረጢት ጋር። አሠልጣኙ የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሕዝቡ መቀስ ይለዋል፤ የተቃራኒ ቡድን ልጆችን እንኳ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጸጉራቸውን ነው።

በዚያ ውድድር ሕግ እያንዳንዱ ቡድን ባንዲራ ይዞ መስመር ላይ የሚቆም አንድ ወላጅ ይሰጣል። የጋራዥ ጀርባው የመስመር ዳኛ የነበረው አባት አማቱ ሳይታሰቡ ስለመጡበት በዚያ ጠዋት ቀረ። መቀስም በወላጆች ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «መስመር ላይ ቀልድ የማያውቅ ሰው እፈልጋለሁ!» ያን ጊዜ ማንም ስም አልጠራም፤ ግን የሁሉ ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። ከወላጆቹ እኩሌቶቹ በእትዬ ፍሬን እጅ የመንዳት ፈተና ደጋግመው የወደቁ ነበሩና።

እትዬ ፍሬን ኳስ እንደማያውቁ ተናገሩ። መቀስም ከኪሱ ማበጠሪያዎች አውጥቶ ሣሩ ላይ ደርድሮ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አስረዳቸው፤ ካስረዳም በኋላ እኔ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። እሳቸው ግን ማበጠሪያዎቹን ትክ ብለው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ለዘላለም የሚኖር ቃል ተናገሩ፦ «ገባኝ። ኳሷ ከመነሣቷ በፊት የመጨረሻውን ተከላካይ ደርቦ ማለፍ ነው። ደርቦ ማለፍ እኮ የኔ ሙያ ነው። ስጡኝ።» ባንዲራውንም ተቀበሉ። በዕጣ የደረሳቸው መስመር ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ የገዛ ልጃቸው የምታጠቃበት ጎን ሆነ።

ተጋጣሚያቸው የዳቦ ቤት ሠፈር ቡድን ነበር፤ ደረቅ የለበሰ፣ በልቶ የመጣ። ጨዋታው ከባድ ሆነ፤ ኳሷ በጭቃ ውስጥ ትጠፋለች፣ ልጆቹም ኳሷን ሲፈልጉ ጫማቸውን ያጣሉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጎል አልተገኘም። ዋናው ዳኛ ሰዓቱን ማየት በጀመረ ጊዜ፣ ከመሐል ሜዳ አንዲት ረጅም ኳስ ተነሣች፤ ሽውታም ከተከላካዮቹ ኋላ ብቅ አለች፣ ማንም እንዴት እዚያ እንደደረሰች አላየም፣ ነፋሷ ብቻ ፊታቸውን መታው። ኳሷን በደረቷ አበረደች፣ በግራ እግሯም ወደ መረቡ ላከቻት።

የጋራዥ ጀርባ ሕዝብ በሙሉ ዘለለ። ብርቱካን ተበተነ። ነርሷ ከስልኳ ጋር ጮኸች። ሽውታ ግን ወደ ጓደኞቿ አልሮጠችም፤ እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን በሳቅ ከፍታ፣ በቀጥታ ወደ መስመሩ፣ ወደ እናቷ ሮጠች። ቀርባም ልትጠመጠምባቸው ስትል ቀና አለች፤ ከእናቷም ራስ በላይ ባንዲራው ቆሟል።

እትዬ ፍሬን በኋላ እንደነገሩኝ፣ ክንዳቸው የተነሣው ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ላይ ስትመታ ነበር፤ ማን እንደሮጠች እንኳ አላዩም፣ ያዩት ደርቦ የሚያልፍ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው መሆኗን ያወቁት እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ ነው። የዚያን ጊዜ ክንዱን ማውረድ ይችሉ ነበር፤ ዳኛው ገና ዞሮ አላያቸውም ነበርና። አላወረዱትም። ፊሽካው ተነፋ፣ ጎሉ ተሻረ፤ ወደ ፍጹም ቅጣት ምትም ሄደው በእርጥብ ማሊያቸው ተሸነፉ።

ሽውታም በመመለሻው መንገድ ከኋላ ወንበር ሆና አንድ አዋጅ ብቻ አወጣች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከመስመር ዳኛ ጋር አልነጋገርም።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከጎርፉ የባሰ ነው። ቤቱ ሁለት መንግሥት ሆነ። ሽውታ ቁርሷን በረንዳ ላይ፣ በቀዳማዊ ፍሪጅ መቃብር አጠገብ ትበላለች፤ እናቷም በኩሽና በኩል ያዩአታል። መቀስ ሰላም ሲላቸው ድምፁ ቀዘቀዘ። ነርሷ የቀረጸችውን ቪዲዮ ለሁሉም ላከች፤ ሁሉም አዩት፤ ነገር ግን ኳሷ በተመታችበት በዚያ ቅጽበት የመቀስ ጃንጥላ ከካሜራው ፊት አልፎ ሁሉን ሸፈነው፤ ጃንጥላው ባለፈ ጊዜ ሽውታ ብቻዋን ኳስ ይዛ ትታያለች። እትዬ ፍሬን ያን ቪዲዮ ኩሽና ውስጥ ቆመው ደጋግመው ሲያዩ ድስቱ አረረ። በማግሥቱም ሲያዩት ሌላው ድስት አረረ። «አንተ ምን አየህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ የለምንን የጫማ ክር አሥር ነበርና ያየሁት ጭቃ ብቻ ነው። እሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ታላቅ እኅቴን ከልጅነታችን ጀምሮ ሲሉ ሰምቼ የማላውቀውን ቃል በቀስታ አሉ፦ «ተሳስቼ ቢሆንስ?»

በሁለቱ መንግሥታት መካከል መልእክተኛ ሆኖ የሚመላለሰው ራስ ለምን ነበር። «ሽውታ ካልሲዬ የታለ ትላለች።» «መሳቢያው ውስጥ ነው በላት።» «ለምን ራስሽ አትነግሪያትም?» ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይጠየቅ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን መልእክተኛው ራሱ ምርኮኛ ሆነ። ወደ ላይኛው ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ብረት መካከል ጭንቅላቱ ይገባ እንደሆን ለማወቅ ፈልጎ አስገባው፤ ገባ፤ አልወጣም። ጩኸቱን ሰምተን ሁላችንም ወጣን። እትዬ ፍሬን ጭንቅላቱ በወጣበት በኩል፣ ሽውታ ደግሞ ገላው በቀረበት በኩል ተገኙ፤ መልእክተኛው መሐል ላይ ተቸነከረ።

እትዬ ፍሬን ፈሳሽ ሳሙና ይዘው ተንበረከኩና አወጁ፦ «ለእኅትህ ንገራት፤ ወገብህን ትያዝ፣ ግን እንዳትጎትትህ።»

«ወገቤን ያዢ፣ እንዳትጎትቺኝ ትላለች።»

«ለእናትህ ንገራት፤ ግራ ጆሮህ ጋ ሳሙናው አልደረሰም።»

«ግራ ጆሮዬ ጋ አልደረሰም ትላለች። ለምንድነው ግን እኔን እዚህ አስቀምጣችሁ በኔ የምትነጋገሩት? እኔ ስልክ ነኝ?»

ጡረተኛዋ የሙዚቃ አስተማሪም ከታች ሆነው «ይተንፍስ! ይተንፍስና ቀስ ብሎ ያውጣ!» ሲሉ፣ ራስ ለምን ተነፈሰ፣ ጆሮውም ተንሸራተተ፣ ጭንቅላቱም እንደ ቡሽ ጧ ብሎ ወጣና ሽውታን በጀርባዋ ጣላት። እናትና ልጅ በብረቱ ማዶና ማዶ ተያዩ። አረፋ ፊታቸው ላይ ነበር። ሳቅም እስከ ከንፈራቸው መጣ፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሽውታ ግን ጦርነቱን አስታወሰችና ተነሥታ ገብታ በሯን ዘጋች።

የደረጃ ጨዋታው ቀን ደረሰ። ሦስተኛ የሚወጣው ቡድን የሚለይበት ነው፤ ተጋጣሚውም የመጋዘን ሠፈር ቡድን። እትዬ ፍሬን ባንዲራውን አጣጥፈው ለመቀስ ሰጡት፣ «ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኔ ልጄን ናፍቄያለሁ» አሉት። መቀስም በወላጆች ፊት ቆሞ አወጀ፤ ማንም እጁን አላወጣም፤ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ እኔም ብርቱካን ልጣጭ ማንሣት ጀመርሁ። ባንዲራው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተመልሶ ወደ እሳቸው መጣ። እሳቸውም ወስደው፣ ወደ ሜዳው ሳያዩ፣ መስመራቸው ላይ ቆሙ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ረዘመ። በመጨረሻም እንደዚያኛው ቀን ከመሐል ሜዳ ኳስ ተነሣች፣ እንደዚያኛው ቀን ሽውታ ከተከላካዮች መካከል ሾለከች፤ ሕዝቡም ሁሉ፣ የእኛም የእነርሱም፣ ኳሷን ትቶ ወደ መስመሩ ዞረ። ክንዱ አልተነሣም። ሽውታ አንድ ጊዜ ወደ ጎን አየች፣ ከዚያም መታች፤ ገባ።

ያን ጊዜ ከማዶ ታላቅ ሁከት ሆነ። የመጋዘን ሠፈር በረኛ አባት፣ ጎማ ነጋዴው፣ ድምፁ እንደ ጭነት መኪና ጥሩምባ የሆነው፣ መስመሩን አልፎ ገባና አወጀ፦ «እናቷ ናት እኮ! ባንዲራ ይዛ የቆመችው እናቷ ናት! ለልጇ አድልታ ነው! ይሄ ዝርፊያ ነው!» ሌሎቹም «ዝርፊያ! ዝርፊያ!» እያሉ ተከተሉት። ዋናው ዳኛ ገና ወጣት ነው፤ ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ ወደ እትዬ ፍሬን መጣ፣ ፊታቸውንም አየ። እሳቸው፣ መንገድ ላይ ስንቱን ባለ ጥሩምባ ዝም ያሰኙት፣ ድምፃቸውን የነጋዴው ጥሩምባ ዋጠባቸው። «ልክ ናት» አሉ፤ ከእኔ በቀር የሰማቸው አልነበረም።

ሽውታ በጓደኞቿ እቅፍ ውስጥ ነበረች። እጆቻቸውን ፈልቅቃ ወጣች፣ ሜዳውን አቋርጣ መጣች፣ በእናቷና በጎማ ነጋዴው መካከልም ቆመች፤ ቁመቷ ወገቡ ጋ ይደርሳል። ከጭቃው ውስጥም እንዲህ የሚል አዋጅ አወጣች፦

«ለኔ ልታደላ? እሷ? ባለፈው ከዳቦ ቤት ሠፈር ጋር ስንጫወት ጎሌን የሻረችው እኮ እሷ ናት! በሷ ምክንያት ተሸነፍን! ከዛን ቀን ጀምሮ አላናግራትም እኮ! ጠይቁ! ወንድሜን ጠይቁ! እናቴ መስመር ላይ ዘመድ የላትም!»

ራስ ለምንም ከዳር ሆኖ ምስክርነቱን ሰጠ፦ «እውነት ነው! በኔ ነው የሚነጋገሩት!»

መጀመሪያ የሳቀችው ነርሷ ናት። ቀጥሎ መቀስ ሳቀ፣ ቀጥሎም ከመጋዘን ሠፈር አንዲት አሮጊት፤ ሳቁም ሜዳውን ዞረ። ጎማ ነጋዴው ልጅቱን አየ፣ እትዬ ፍሬንን አየ፣ ራሱን አከከና «እ... እንዲህ ከሆነማ» ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ። ዳኛው ወደ መሐል ሜዳ አመለከተ። የጋራዥ ጀርባ ቡድን ሦስተኛ ወጣ፤ የተሰጠውም ዋንጫ ከማነሱ የተነሣ ራስ ለምን «ለምንድነው የእንቁላል ማስቀመጫ የሰጧችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሽውታ የፊተኛውን ወንበር ያዘች። በዚያች መኪና ውስጥ ማስቲካ እንኳ ማኘክ ክልክል ነው፤ እሷ ግን ጭቃ የጠገበ ታኬታዋን ፊት ለፊት ከመስተዋቱ ሥር ሰቀለች። እትዬ ፍሬን አዩና መኪናውን አስነሡ። ጭቃው እየተንጠባጠበ ጥቂት እንደ ሄዱ ልጅቱ ወደ መስኮቱ እያየች አወጀች፦

«ያኛው ግን ኦፍሳይድ አልነበረም።»

«ነበር» አሉ እትዬ ፍሬን።

«አልነበረም።»

«ነበር፣ የኔ እናት።»

«እማዬ ሙች አልነበረም!»

እንዲህም እየተባባሉ መብራቱን አለፉ፣ አደባባዩን ዞሩ፣ ደረጃውን ወጡ፣ እራት በሉ። ይህ ክርክር ይህን በምጽፍበት ሰዓትም ከኩሽና ይሰማል፤ ራስ ለምን ከመልእክተኛነት ሹመቱ ተሽሮ በድንጋዮቹ ይጫወታል፤ እኔም በሶፋዬ ላይ ሆኜ ከዚህ ጣፋጭ ጠብ የሚበልጥ ሰላም ሰምቼ አላውቅም እላለሁ።

ሰላም ለዓይኖችሽ፣ በጭቃና በዝናብ መካከል የሚሮጠውን አይተው የማን ልጅ ነው ብለው ላልጠየቁ። ሰላም ለጉልበቶችሽ፣ ውሃ በዋጠው ወለል ላይ ለተንበረከኩ። ሰላም ለአፍንጫሽ፣ የሁለት ድስት ጭስ ለታገሠ። ሰላም ለአፍሽ፣ «ተሳስቼ ቢሆንስ» ለማለት ላላፈረ። ሰላም ለክንድሽ፣ እጆቿን ዘርግታ በመጣች በልጅሽ ፊት ተነሥቶ ለጸና። ለክንድሽ ዳግመኛ ሰላም፣ ሕዝብ ሁሉ ሲያየው፣ መነሣት ባልነበረበት ጊዜ ከጎንሽ ላረፈ።